የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአያቴ ቤት «ክራፍትስማን» ነው ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አሮጌ ቤት ናቸው። ሦስቱም ከመሀል አዲስ አበባ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ ነገር ስላነሣ አብዛኛውን ቦታ እሱ ይወስዳል፣ ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሠራተኛ ሰፈር ከአያታችን የወረስነው ቤት አለን። ምድር ቤቱ ድንጋይ ነው፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ። ከፊት ለፊት የእንጨት በረንዳ አለው፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ። ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና የምትኖር የአክስቴ ልጅ የአንድ ቤት ፎቶ ላከችልኝና ‹ይሄ ክራፍትስማን ይባላል፣ የአያታችንን ቤት ቁርጥ ነው፣ እዚህ ቢሆን ማንም አይነካውም ነበር› አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ ግንበኛ አምጥቶ ግድግዳውን በሲሚንቶ ሊያስለስን፣ የእንጨት መስኮቶቹንም በአሉሚኒየም ሊያስቀይር ተነሥቷል። ቤቱ እውነት ክራፍትስማን ነው? ዋጋ አለው? ምን ላድርግ? — ሰ.፣ ከአራዳ»

መልስ

ሰ.፣ መጀመሪያ ወንድምሽን አስቁሚው። ግንበኛውን ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ቤቱ ክራፍትስማን አይደለም። ግን የአክስትሽ ልጅ ዓይን አልተሳሳተም፣ ያየችው መመሳሰል እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው።

ክራፍትስማን ማለት የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። እነ ዊልያም ሞሪስ ከፋብሪካ በገፍ የሚወጣው ዕቃ አንገሸገሻቸውና «ሰው በእጁ የሠራው ይሻላል» ብለው ተነሡ። ሐሳቡ አሜሪካ ሲሻገር ጉስታቭ ስቲክሊ የሚባል የቤት ዕቃ ሠሪ ተቀበለው። «ዘ ክራፍትስማን» የሚል መጽሔትም ጀመረ፣ በፈረንጆቹ ከ1901 እስከ 1916 የታተመ። መጽሔቱ የቤት ፕላን ያወጣ ነበር፣ የቤቱ ዓይነት ስሙን ያገኘውም ከዚያ ነው። ስቲክሊ ራሱ መጨረሻው ኪሳራ ሆነ፣ ስሙ ግን ቀረ።

የአክስትሽ ልጅ ያለችበት ከተማ ደግሞ የዚህ ቤት ዋና አገሩ ነው። እዚያ ያለው የጋምብል ቤት፣ ቻርለስና ሄንሪ ግሪን የሚባሉ ወንድማማቾች የነደፉት፣ በ1908 ተሠራ፤ በእኛ 1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያሠራው ቤተሰብ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ቤተሰብ ነው፣ የሳሙናው። በፈረንጆቹ 1966 ቤተሰቡ ቤቱን ለከተማውና ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው፣ ዛሬ ሰው ይጎበኘዋል። እዚያው ከተማ ውስጥ ተራ ሰዎች የኖሩባቸው ትንንሽ ክራፍትስማን ቤቶች የሞሉበት ሰፈርም አለ። አፓርታማ እየተተካባቸው ሲመጣ ጎረቤቶች ተሰባሰቡና በፈረንጆቹ 1989 ሰፈሩ በከተማው ጥብቅ ሆነ። የአክስትሽ ልጅ «ማንም አይነካውም» ያለችው ይሄንን ይመስለኛል። ልብ በይ፣ እዚያም ቢሆን ጎረቤት ባይጮህ ኖሮ አይተርፍም ነበር።

አሁን ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን አድርጊያቸው። የእነሱ ጣራ ዝቅ ያለ ነው፣ ቤቱ መሬት ላይ የተኛ ይመስላል። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ርቆ ይወጣል፣ የወራጆቹ፣ ማለትም ጣራውን የሚሸከሙት እንጨቶች፣ ጫፍ ሳይሸፈን ይታያል። የበረንዳው ምሰሶ አጭርና ወፍራም ነው፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ ይቀጥናል። ጌጥ አይወዱም። እንጨቱ ራሱ ጌጥ ነው ባዮች ናቸው። ያንቺ ቤት ጣራ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ምሰሶው ቀጭን ነው፣ ጠርዙ ዳንቴል ነው። ስቲክሊ ያንቺን በረንዳ ቢያይ ፊቱን የሚያዞር ይመስለኛል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሁለቱ ምረጥ ብባል የኛን እመርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ ዳንቴል አልፋ ወለሉ ላይ የምትጥለውን ጥላ አይቶ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይመርጣል?

ታዲያ መመሳሰሉ ከየት መጣ? ከበረንዳው። ክራፍትስማን ከሚባሉት ቤቶች አብዛኞቹ «ባንጋሎ» ናቸው። ባንጋሎ የሚለው ቃል ደግሞ ከህንድ፣ ከቤንጋል ነው የመጣው። በዙሪያው በረንዳ ያለው የቤንጋል ቤት ማለት ነበር። እንግሊዞች ወሰዱት፣ ዞሮ ዞሮ ካሊፎርኒያ ደረሰ። ወደ እኛ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከገነቡት መካከል ህንዶች ነበሩ፣ አርመኖች ነበሩ፣ ግሪኮችና ጣልያኖችም ነበሩ። በረንዳ መሥራት የሚያውቅ እጅ ይዘው ነው የመጡት። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች ወንድምና እህት አይደሉም፣ በሩቅ ቅድመ አያት የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸው። የሰርግ ቀን ብቻ የሚተያዩ ዓይነት።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ዋጋ ስል የካሬውን ዋጋ አይደለም፣ እሱን ከኔ ይልቅ ደላሎቹ ያውቁታል።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ድንኳንና ጎጆ ነበረች። ከአድዋ ድል በኋላ፣ ከ1888 ወዲህ ማለት ነው፣ ነጋዴውም የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኑም (የዛሬው ኤምባሲ) እየበዛ መጣ፣ ገበያው አራዳ ሆነ፣ ቤቱም ፎቅ እያወጣ ሄደ። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የዚያ ጊዜ ልጅ ነው። ከጋምብል ቤት ጋር በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ የተሠሩ ናቸው፣ አስቢው። የሰፈርሽ ስምስ ምን ይልሻል? ሠራተኛ ሰፈር! ቀጥቃጩ፣ አናጢው፣ ግንበኛው፣ በእጁ የሚያድረው ሰው ሰፈር። አሜሪካኖቹ «የእጅ ባለሙያ» የሚለውን ስም ለቤታቸው ሰጡ፣ እኛ ለሰፈራችን ሰጠን። ከውጭ ከመጡት እንደ አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ያሉት ስማቸው ተጽፎ ቀርቷል። አብረዋቸው መጋዝ የሳቡትና ጭቃ የረገጡት የኛ ሰዎች ግን ስማቸው አልተጻፈም። ፊርማቸው ያንቺ ግድግዳ ነው።

ግድግዳው ሌላም ነገር ይነግርሻል። አንዱን ቋሚ በቢላዋ ትንሽ ፋቅ አድርገሽ አሽትቺው። የጥድ ሽታ ካለው ቤቱ የጥንት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በምኒልክ ጊዜ ከተማዋ በዙሪያዋ ያለውን ጥድ ጨርሳ እንጨት አጠራት፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ቤት ቋሚው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። የጣራው ቆርቆሮም የራሱ ታሪክ አለው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፣ ድሬዳዋ ከገባ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት የመጣ ቆርቆሮ የመጨረሻውን መንገድ በከብት ጀርባ ነው የመጣው። ቆርቆሮ ሲቀየር እስቲ አሮጌውን ገልብጣችሁ እዩት፣ የፋብሪካ ማኅተም ሊኖረው ይችላል። ወለሉ ሞዛይክ ከሆነና ኮንክሪት ከገባበት ግን ምናልባት በጣልያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው፣ ወይም ከዚያ በኋላ ተነካክቷል ማለት ነው።

አሁን ሲሚንቶው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ታገሺኝ።

የጭቃ ቤት ይተነፍሳል። ክረምት እርጥበት ይስባል፣ በጋ ያወጣል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ሰንብቶ ነው የተመረገው፣ ስለዚህ ትንሽ ያብጣል፣ ትንሽ ይሸሻል። ሲሚንቶ እንዲህ ዓይነት ጠባይ የለውም። ድርቅ ያለ ነው። ጭቃው ሲንቀሳቀስ እሱ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ከዚያ ውስጥ ያለው ቋሚና ማገር ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ከውጭ ስታዪው ቤቱ ሙሽራ ይመስላል። ከውስጥ ግን እያለቀ ነው።

ይሄንን ከመጽሐፍ አይደለም የማወራሽ። ደጃች ውቤ ሰፈር የነበረውን የአክስቴን ቤት «እናድሰው» ያልኩት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ደሞዝ መብላት የጀመርኩ ሰሞን ነው። አንድ ግንበኛ አምጥቼ ፊት ለፊቱን በሲሚንቶ አስለሰንኩት፣ በላዩ ላይ ዘይት ቀለም አስቀባሁት። አክስቴ ደስ ብሏት ጠበል ጠዲቅ አደረገች። ሦስት ክረምት አለፈ። በአራተኛው፣ ነሐሴ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ልስን እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ወደቀ፣ ቋሚውን በጣቴ ብነካው እንደ በሶ ፈረሰ። ለመቶ ዓመት የቆመ እንጨት ነው፣ በሦስት ክረምት የጨረስኩት እኔ ነኝ። አክስቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እሱ ይብሳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የረገፈውን ጭቃ በጭቃ ነው የምትመልሺው፣ በጭድ የተቦካ፣ በደንብ የሰነበተ። በላዩ የኖራ ልስን። ኖራ ከአየር ጋር እየተገናኘ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፣ እርጥበትም ያሳልፋል። ቀለሙም ኖራ ይሁን፣ ዘይት ቀለም ግድግዳው ላይ አታስነኪ። ጊዜው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ዝናቡ ሲቆም። በኖራ መለሰን የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግር ይሆናል፣ ግን ሽማግሌ ግንበኞች አሉ። የቤተ ክርስቲያን ጥገና የሠሩትን ጠይቂ።

መስኮቱንም አትቀይሪ። የተበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ደፍ ብቻ ነው፣ ውሃ የሚያርፍበት። ጥሩ አናጢ ያንን ቆርጦ በአዲስ እንጨት ይቀጥለዋል፣ ማጠፊያውን ያጠብቀዋል፣ አለቀ። አሉሚኒየም ስታስገቢ የግድግዳው ቀዳዳ ይሰፋል፣ ማገሩ ይቆረጣል፣ ቤቱም ዓይኑ የጠፋ ሰው ይመስላል። የሻወርና የወጥ ቤት ጉዳይ ከሆነ ግን አታካብዱ። ጓሮ በኩል ዘመናዊ አድርጋችሁ ሥሩ። ሰው የማይመቸው ቤት ውስጥ አይኖርም፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ደግሞ ቶሎ ይወድቃል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ያለን ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስ በመንግሥት እጅ ብቻ ሳይሆን በግለሰብ እጅም ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤቱ ይጠብቀዋል፣ ጥገና ሲያደርግ ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊያግዝ እንደሚችልም ተጽፏል። «ሊያግዝ ይችላል» ነው የሚለው፣ እጅሽን ዘርግተሽ አትቀመጪ። ስለዚህ ካርታውን ይዘሽ ከከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ሂጂና ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። የቃል መልስ ዋጋ የለውም፣ የነገረሽ ሰው ነገ ይዛወራል። ካልተመዘገበ እንዲታይልሽ አመልክቺ። በዚሁ መሀል ግን ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሺው፣ እያንዳንዱን ክፍል ለኪው፣ አያትሽን የሚያውቁ ጎረቤቶችን በስልክሽ ቅጂ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ስንት አሮጌ ቤት እንደፈረሰ አንቺም አይተሻል። ከብዙዎቹ ዛሬ የቀረን፣ አንድ ሰው በአጋጣሚ በረንዳው ላይ የተነሣው የልደት ፎቶ ነው።

ለወንድምሽ ይሄንን አስነብቢው። ክፉ ሰው አይመስለኝም። እኔም አልነበርኩም።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ድሮ የአንድ ባለጸጋ ቤት ነበር ይባላል፣ አሁን አምስት አባወራ ነን። በረንዳው ያፈስሳል። ጎረቤቴ የበረንዳውን ግማሽ በቆርቆሮ ከልሎ ማድቤት አድርጎታል። ባለቤቱ ባልሆንም ቤቱን እወደዋለሁ። ምን ማድረግ እችላለሁ? — እትዬ ዘ.»

መልስ

እትዬ፣ ደብዳቤዎ ደስ አሰኝቶኛል። በተለይ «ባለቤቱ ባልሆንም» ያሉት።

ቤቱ ለአምስት የተከፈለው በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ፣ በቁጥር 47፣ ሳይሆን አይቀርም። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ወደ ቀበሌ ሄደ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች። ብዙ ሰው ይሄ አዋጅ አሮጌ ቤቶችን ገደለ ይላል። ግማሹ እውነት ነው፣ ባለቤት የሌለው ጣራ ማን ያድሳል? ግን ደግሞ ኪራዩ ርካሽ ስለነበር፣ ሰውም ስላልለቀቀ፣ ማንም አፍርሶ ሕንፃ ሳይሠራበት ስንት ዓመት ቆየ። እንደርስዎ ያለ ተከራይ አሸንዳ እየጠረገ ነው እዚህ ያደረሰው።

አሁንም ነገሩ ያለው አሸንዳው ላይ ነው። በረንዳ ሲያፈስ ሰው ወለሉን ያያል፣ እርስዎ ግን ቀና ይበሉ። ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው ተጠርጓል? መውረጃው ውሃውን ከግድግዳው ያርቃል ወይስ እግሩ ሥር ይጥላል? የቆርቆሮው ምስማር ላልቷል? ከዚህ አያልፍም። ከግድግዳው ሥር የተቆለለ አፈርና ማገዶ ካለ ደግሞ ያስነሡት፣ ምስጥ በዚያ ነው የሚወጣው። ይሄ ሁሉ ጽዳት እንጂ ግንባታ አይደለም። ቆርቆሮ መቀየር ወይም ወራጅ መንካት ካስፈለገ ግን አምስታችሁም ፈርማችሁ ለወረዳው የቤቶች አስተዳደር በጽሑፍ አስገቡ። አምስት ፊርማ ያለበት ወረቀት አንድ ሰው ከሚመላለስ ይሻላል።

የጎረቤትዎን ማድቤት ግን ዝም አይበሉት። ክሰል እዚያ የሚነድ ከሆነ፣ ከላዩ ያለው የደረቀ ጥድ ነው፣ ከውስጥ ደግሞ የአቡጀዲ ኮርኒስ ካለ እሳት በደቂቃ ይሄዳል። ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰውን ያስታውሳሉ፣ መቶ ዓመት የኖረ እንጨት በአንድ ቀን ነው የተቃጠለው። ቡና አፍልተው ይጥሩትና ጓሮ ላይ የጋራ ማድቤት እንሥራ ይበሉት። «አፍርስ» ካሉት ይጣላዎታል፣ «ለልጆቻችን ፈራሁ» ካሉት ይሰማዎታል። የመብራት ገመዱንም በዚያው በባለሙያ ያስዩት፣ አምስት ቤት በአንድ አሮጌ ገመድ ምጣድ ሲሰካ ያስፈራል።

ጥያቄ

«አርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ቤት ገብቼ ማየት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? — ናትናኤል ነኝ የሚለው»

መልስ

ከጣይቱ ጀምር፣ ቡና አዝዘህ ደረጃውን ቁጠር። ከዚያ ወደ መስቀል አደባባይ ውረድ፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም ያለበት ቤት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ነው። ሰዎች ለዕቃው ገብተው ቤቱን ሳያዩ ይወጣሉ፣ አንተ ተቃራኒውን አድርግ። ቀን ካለህ ሸጎሌ ሂድና የሼህ ሆጀሌን ቤት ፈልግ፣ የሰፈሩ ስም ራሱ ከሳቸው ነው የመጣው። ሰው የሚኖርበት ቤት ስትሄድ ግን ካሜራ ከማውጣትህ በፊት ሰላምታ ስጥ፣ በቀጠሮ ሂድ፣ የሳልከውንም አንድ ቅጂ ለቤቱ ሰዎች ስጣቸው። ሜትር የሚይዝልህ ጓደኛም አስከትል፣ ብቻውን የሚለካ ሰው ሁልጊዜ አንድ ግድግዳ ይረሳል።

የሠራተኛ ሰፈሯ ሰ. ፈቃደኛ ከሆነች ደግሞ አገናኛችኋለሁ። ቤቷ መለካት አለበት፣ አንተም ትማርበታለህ። ሰ.፣ ምን ትያለሽ?